ጥቁር ልጆች በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ሥዕል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለነዚህ ሥዕሎች ባወራሁ ቁጥር የሚደርሱኝን ጥያቄዎች ሰብስቤ መለስኩ፤ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«በክብር የተሣለ ልጅ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ጥሩ የለበሰና ጸጉሩ የተበጠረ ልጅ ማለት አይደለም። እዚህ ከማነሣቸው ልጆች ብዙዎቹ ልብሳቸው የተጣፈ ነው። አንዳንዶቹ ጫማም የላቸው።

እኔ ሥዕሉ ፊት ስቆም የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ልጁ የሚያደርገውን የሚያደርገው ለማን ብሎ ነው? ጥርሱን ያሳየው እኛን ለማሳቅ ከሆነ፣ ሠዓሊው ልጁን አላየውም ማለት ነው። ልጁ የራሱ ጉዳይ ሲኖረው ነገሩ ይለወጣል። ዓይኑ እጁ ላይ ወይም መጽሐፉ ላይ ነው። እኛ መኖራችንን ረስቶታል። አገራችን ውስጥ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሲያጋጥም «በርታ» ተብሎ ይታለፋል። በክብር የተሣለ ልጅ ፊት ስቆም አፌ ላይ የሚመጣው ይኸው ቃል ነው። በፌዝ የተሣለ ልጅ ፊት ግን የምለው የለኝም፤ አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ።

ከዚያ በፊት ጥቁር ልጆች እንዴት ነበር የሚሣሉት?

አብዛኛውን ጊዜ በሁለት መንገድ። አንደኛው እንደ ጌጥ ነው። ልጁ በሀብታም ቤተሰብ ሥዕል ጥግ ላይ ፍራፍሬ ወይም ዕቃ ይዞ፣ ጌታውን ቀና ብሎ እያየ ይቆማል። ስም የለውም። እዚያ የቆመው የጌታውን ሀብት ለማሳየት ነው።

ሁለተኛው ፌዝ ነው። ከ1830ዎቹ ጀምሮ «ሚንስትረል» የሚባል ትርኢት አሜሪካን አጥለቀለቀ። ነጭ ተዋንያን ፊታቸውን በተቃጠለ ቡሽ አጥቁረው፣ ጥቁሮችን እያስመሰሉ ይቀልዱ ነበር። የገጠጠ ጥርስ፣ የፈጠጠ ዓይን፣ የተበጫጨቀ ልብስ። ያ መልክ ከመድረክ ወርዶ ወረቀት ላይ ሰፈረ። ከሪየር ኤንድ አይቭስ የተባለው የኒው ዮርክ አታሚ «ዳርክታውን» የሚል ተከታታይ የፌዝ ሥዕል እያተመ በርካሽ ይቸበችብ ነበር። ተራው ሰው ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚሰቅለው ነገር ነው እንግዲህ።

እኛን በቀጥታ የሚነካ ነገርም አለ። እነዚያ ትርኢቶች በማስታወቂያ ላይ «ኢትዮጵያዊ» ይባሉ ነበር። በ1840ዎቹ «ኢትዮጵያን ሴሬናደርስ» የሚባል ዝነኛ ቡድን ነበር፤ አባላቱ ነጮች ናቸው። በዘመኑ እንግሊዝኛ ቃሉ ለማንኛውም ጥቁር ሰው ያገለግል ነበርና። መጀመሪያ ሳነበው ደሜ ፈላ። ጥቁር አሜሪካውያን ግን ስሙን ለቀልደኞቹ አልተዉትም። በቤተ ክርስቲያኖቻቸው «ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለውን የመዝሙረ ዳዊት ቃል ደጋግመው ይጠቅሱ ነበር። የነጻነት ተስፋቸው እሱ ነበር።

አንድ ሥዕል ብቻ ማየት ብፈልግ የትኛውን ልይ?

«የባንጆ ትምህርት»ን። ሄንሪ ኦሳዋ ታነር በ1893 በዘይት ቀለም የሣለው ነው። ቁመቱ 124፣ ወርዱ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የሚገኘው ቨርጂኒያ ውስጥ፣ በሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ነው።

ቤቱ የድሃ ቤት ነው። ወለሉ ባዶ ጣውላ ነው፤ የማብሰያ ዕቃ ተቀምጦበታል። ሽማግሌው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ልጁ በጉልበቶቻቸው መሐል ቆሞ ባንጆ የተባለውን ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያ ታቅፏል። ባንጆው ትልቅ ሆኖበታል። ስለዚህ ሽማግሌው የባንጆውን አንገት በእጃቸው ደግፈውለታል። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ደገፉለት እንጂ አልተጫወቱለትም። ክሩን የሚመታው ልጁ ነው። ሁለቱም አቀርቅረው የሚያዩት መሣሪያውን ነው። ክራር የተማረ ሰው ይህችን ደቂቃ ያውቃታል። ጣት አልታዘዝ ይላል። አስተማሪው ዝም ይላል። ክፍሉ በሙሉ አንዲት ድምፅ ይጠብቃል።

ብርሃኑ ደግሞ የሚመጣው ከሁለት ቦታ ነው። ከግራ የቀን ብርሃን ይገባል፤ ቀዝቀዝ ያለና ወደ ሰማያዊ የሚያደላ። ከቀኝ እኛ የማናየው ምድጃ አለ፤ እሳቱ ሞቅ ያለ ወርቃማ ቀለም ይሰጣል። ሽማግሌውና ልጁ መሐል ላይ ናቸው። ሥዕሉን በስልካችሁም ብታዩት የስክሪኑን ብርሃን ከፍ አድርጉና የክፍሉን ግራና ቀኝ አወዳድሩ። ልዩነቱ ወዲያው ይታያችኋል።

ባንጆ የፌዝ ዕቃ አልነበረም እንዴ? ታነር ለምን እሱን መረጠ?

ነበር። የመረጠውም ለዚያ ይመስለኛል። ባንጆ በመሠረቱ ከአፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች በካሪቢያንና በአሜሪካ የሠሩት መሣሪያ ነው። ዘሩ ከቅልና ከቆዳ ከሚሠሩ የምዕራብ አፍሪካ የክር መሣሪያዎች ይመዘዛል። የሚንስትረል ተዋንያን ወሰዱትና የሞኝ መጫወቻ አስመሰሉት። ከዚያ በኋላ ባንጆ የያዘ ጥቁር ሰው በተሣለ ቁጥር ተመልካቹ ሳቁን አዘጋጅቶ ነበር የሚጠብቀው።

ታነር ዕቃውን ከፌዘኞቹ እጅ ነጥቆ ለባለቤቶቹ መለሰው። በሥዕሉ ውስጥ ማንም አይስቅም። ማንም አይጨፍርም። የጥቁሮችን ኑሮ ከሣሉት ብዙዎቹ ያዩት አስቂኝ ገጽታውን ብቻ እንደሆነ፣ ለሰዎቹ ፍቅር እንደጎደላቸውም ታነር ራሱ በዚያው ዘመን ጽፏል።

አስተማሪው ቶማስ ኢኪንስ ከእሱ 15 ዓመት ቀድሞ፣ በ1878፣ ተቀራራቢ ነገር በውሃ ቀለም ሠርቶ ነበር። ልጅ ይጨፍራል፤ ወጣት ባንጆ ይመታል፤ ሽማግሌ ቆመው የልጁን እርምጃ ይከታተላሉ። ጭፈራው ግን ትምህርት ነው እንጂ ትርኢት አይደለም። ከኋላ ግድግዳው ላይ ትንሽዬ ፎቶ ተሰቅላለች። ጠጋ ብላችሁ እዩዋት። አብርሃም ሊንከን ከልጁ ከታድ ጋር ናቸው፤ አባትና ልጅ አንድ አልበም አብረው እያዩ። ኢኪንስ ይህችን ፎቶ እዚያ የሰቀላት በአጋጣሚ አይመስለኝም። ክፍሉ ውስጥም አዋቂ ለልጅ እያሳየ ነው።

ታነር ማን ነበር?

በ1859 ፒትስበርግ ተወለደ፤ ያደገው ፊላደልፊያ ነው። አባቱ ቤንጃሚን ተከር ታነር የጥቁር አሜሪካውያን ሜተዲስት ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ነበሩ። እናቱ ሣራ በባርነት ተወልደው በልጅነታቸው ወደ ሰሜን ያመለጡ ናቸው። «ኦሳዋ» የሚለው ስሙ ካንሳስ ውስጥ ካለችው ኦሳዋቶሚ የተወሰደ ነው። የባርነት ተቃዋሚው ጆን ብራውን በ1856 የባርነት ደጋፊዎችን የተዋጋባት ቦታ ናት። ልጁን «ዓድዋ» ብሎ የሰየመ አባት ይህ በደንብ ይገባዋል።

በፔንሲልቬንያ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ከኢኪንስ ሥር ተማረ። በ1891 ወደ ፓሪስ ሄደ። በ1893 ለጊዜው ተመልሶ ቺካጎ ላይ ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ሥነ ጥበብ ንግግር አደረገ። የባንጆውን ሥዕል የሠራው በዚያው ዓመት ነው። በ1937 ፓሪስ ውስጥ አረፈ።

ዕቃ ቤት ውስጥ ተገኘ የሚባለው ሥዕልስ የትኛው ነው?

«አመስጋኞቹ ድሆች» ነው፤ ታነር በ1894 የሣለው። ለረጅም ዓመታት ከሕዝብ ዓይን ርቆ ኖሮ በ1970 ፔንሲልቬንያ ውስጥ በሚገኝ መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት፣ ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ተገኘ። ጀርባው ላይ ሌላ ጅምር ሥዕል አለ፤ የእንጨት ጫማ የሚሠራ ልጅ።

ፊት ለፊቱ ላይ ሽማግሌና ልጅ ማዕድ ቀርበው ያመሰግናሉ። ጠረጴዛው ነጭ ጨርቅ ለብሷል። ምግቡ ጥቂት ነው። ሽማግሌው እጃቸውን አጣምረዋል። ልጁ አቀርቅሮ ራሱን በእጁ ደግፏል። እየጸለየ ነው ወይስ ጸሎቱ እስኪያልቅ እየጠበቀ ነው? እኔ ሁለቱም ይመስለኛል። እርቦት ማዕድ ላይ የተቀመጠ ልጅ ሁሉ እንዲህ ነው። ታነር ልጁን ትንሽ መነኩሴ አላደረገውም። ልጅነቱን ተወለት።

ነጭ ሠዓሊዎችስ እንዲህ አልሣሉም?

ሥለዋል። ቀድሞ የሚጠራው ዊንስሎው ሆመር ነው። በ1836 ቦስተን ተወለደ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ «ሃርፐርስ ዊክሊ» ለሚባለው መጽሔት ከግንባር ይሥል ነበር። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በ1870ዎቹ ወደ ቨርጂኒያ ተመልሶ ነጻ የወጡትን ሰዎች ሣለ። ከእነዚያ ውስጥ እኔ የማልጠግበው በ1877 የሣለው «ለካርኒቫል አለባበስ» ነው። ሁለት ሴቶች አንድን ሰው ባለ ብዙ ቀለም የበዓል ልብስ እየሰፉ ያለብሱታል። ልጆች በጎን ቆመው ያያሉ። ትናንሽ የአሜሪካ ባንዲራ የያዙም አሉ። ሥዕሉ መጀመሪያ የታወቀው በቨርጂኒያ የጁላይ 4 በዓል ንድፍ ተብሎ ነው። የአሜሪካ የነጻነት ቀን ማለት ነው። በዚያው በ1877 የፌዴራሉ መንግሥት ወታደሮቹን ከደቡብ አስወጣ፤ ጥቁሮቹ ከለላ አጡ። ባንዲራ ይዘው የሚጠብቁት ልጆች ይህን አያውቁም። እኛ እናውቃለን። ለዚህ ነው ያን ሁሉ ደማቅ ቀለም እያየሁ ሆዴ የሚባባው።

ኢስትማን ጆንሰንም አለ። በ1862 ገደማ የሣለው «ወደ ነጻነት ግልቢያ» ብሩክሊን ሙዚየም ነው። ሊነጋ ሲል አንድ ቤተሰብ በአንድ ፈረስ ይሸሻል። ትልቁ ልጅ ከፊት ነው፤ እናትየው ከኋላ ሕፃን ይዛ ዞር ብላ ታያለች። ጆንሰን በጦርነቱ ወቅት ቨርጂኒያ ውስጥ በዓይኔ ያየሁት ነው ብሎ ከሥዕሉ ጀርባ ጽፎበታል። በዚህ ሥዕል ላይ ልጁን የሚያድኑት ወላጆቹ ራሳቸው ናቸው። ነጭ አዳኝ የለም። በዚያ ዘመን ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በየሥዕሉ መጽሐፍና ትምህርት የሚበዛው ለምንድን ነው?

ተከልክሎ ስለነበር ነው። ለምሳሌ በቨርጂኒያ በ1831 የወጣ ሕግ ጥቁሮች ማንበብና መጻፍ ለመማር መሰብሰባቸውን ከለከለ። ጦርነቱ በ1865 ሲያበቃ ትምህርት ቤቶች በየቦታው ተከፈቱ። ልጅ ብቻ አይደለም፤ እናት፣ አባት፣ አያት ሁሉ ፊደል ሊቆጥር ወጣ።

የሆመርን «እሑድ ጠዋት በቨርጂኒያ» በዚህ ዓይን እዩት። የተሣለው በ1877 ነው። ልጆች አንድ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ተጠጋግተዋል። ወጣቷ አስተማሪ እያገዘቻቸው ነው። አንዲት አሮጊት ከጎን ተቀምጠዋል። ማንበብ ወንጀል በነበረበት ዘመን የኖሩ ሴት ናቸው። ልጆቹ ያንን ዘመን አያስታውሱትም። በአሮጊቷና በመጽሐፉ መሐል ያለችው ያቺ ትንሽ ክፍተት የአንድ ትውልድ ርቀት ናት።

ከዚህ ሁሉ ግን እኔን ፈገግ የምታሰኘኝ ሠዓሊው ኤድዋርድ ላምሰን ሄንሪ በ1889 የሣላት ልጅ ናት። ርዕሱ እንደሚለው ተቀጥታ ክፍል ውስጥ እንድትቀር ተደርጋለች። ብቻዋን ተቀምጣለች። መጽሐፏ ወለል ላይ ነው። ትምህርት የተጠማ፣ ታዛዥና ጨዋ ልጅ የሚሥል ብዙ ነው። ይቺ ግን አኩርፋለች። ማኩረፍ የማንኛውም ልጅ መብት ነው፤ ሄንሪ ያንን መብት አልነፈጋትም።

እነዚህን ሥዕሎች የት ሄጄ ማየት እችላለሁ?

ዋሽንግተንና አካባቢው ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። የስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም መግቢያው ነጻ ነው። ሆመር በ1876 የሣለው «የቀድሞዋ እመቤት ጉብኝት» የዚያ ንብረት ነው። ነጭ እመቤት ነጻ የወጡ ሴቶች ቤት ትመጣለች፤ ከሴቶቹ አንዷ ሕፃን ታቅፋለች። ከመካከላቸው አንዲቱ ከመቀመጫዋ አልተነሣችም። እሱን ብቻ ልብ በሉ። ጥቁሩ ሠዓሊ ኤድዋርድ ባኒስተር በ1869 የሣለው «ጋዜጣ ሻጩ ልጅ»ም የዚሁ ሙዚየም ነው። የልጁ ዘር በግልጽ አይለይም፤ እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ብሔራዊ ሥዕል ቤቱም ነጻ ነው። እዚያ ያለው የሪቻርድ ኖሪስ ብሩክ «የቄሱ ጉብኝት» (1881) እንግዳ ለመቀበል ማዕድ የቀረበ ቤተሰብን ከነልጆቹ ያሳያል። የኢኪንስ የጭፈራ ሥዕልና «ለካርኒቫል አለባበስ» የተባለው የሆመር ሥዕል ኒው ዮርክ፣ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ናቸው። «እሑድ ጠዋት በቨርጂኒያ» ሲንሲናቲ ነው። ሙዚየሞች ሥዕል እያፈራረቁ ስለሚሰቅሉ ልጅ ይዛችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ድረ ገጻቸውን እዩ።

ሐብሐብ የሚበሉ ልጆችን ሆመር ሥሏል። ይህ ንቀት አይደለም?

ጥያቄው ትክክል ነው። ጥቁሮች ነጻ ከወጡ በኋላ ሐብሐብ እያመረቱ መሸጥ ጀመሩ፤ ነግደው ራሳቸውን ቻሉ። ይህ ያናደዳቸው ሰዎች ፍሬውን የስንፍናና የሆዳምነት ምልክት አድርገው መሣለቂያ አደረጉት። ስድቡ አሁንም አለ። ስለዚህ የ1876ቱ «የሐብሐብ ልጆች» መጀመሪያ ሲታይ ይከብዳል።

ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ግን ልጆቹ ጥቁርም ነጭም ናቸው፤ አንድ ላይ ሣር ላይ ጋደም ብለዋል። አንዱ ቀና ብሎ አካባቢውን ይቃኛል። ሰርቀው እንደሆነ ግልጽ ነው። ነጭና ጥቁር ልጅ አንድ ጥፋት አብረው አጥፍተው፣ አንድ ፍሬ ሲካፈሉ መሣል በ1876 ቀላል ነገር አልነበረም። የልጁ ፊት ላይም ፌዝ የለም። ጥንቃቄ ነው ያለው። እኔ በበጎ ነው የማየው። ሥዕሉን አይቶ የከፋውን ሰው ግን «ተሳስተሃል» አልለውም። ስድቡን የተሸከመው እሱ ነው።

ነጭ ሠዓሊ ጥቁር ልጅን በእውነት ማየት ይችላል?

ከባርነት ያመለጠው ጥቁር አሜሪካዊ ጸሐፊና ተናጋሪ ፍሬድሪክ ዳግላስ በ1849 ጥቁሮች ከነጭ ሠዓሊ እጅ አድልዎ የሌለበት ምስል አያገኙም ብሎ ጽፎ ነበር። ሠዓሊው ሳያውቀው መልካቸውን ያጋንናል ነው ነገሩ። ዳግላስ ራሱ ካሜራን ነበር የሚያምነው። ደጋግሞ፣ ኮስተር ብሎ ፎቶ ይነሣ ነበር።

እኔ ዳግላስ ስለ ብዙሃኑ ልክ ነበር እላለሁ። ሆመርም ቢሆን እንግዳ ነው፤ ከበሩ ላይ ነው የሚያየው። ታነር ግን ከምድጃው አጠገብ ነው። የሆመርን ልጆች ስናይ ምን እያሰቡ እንደሆነ እንገምታለን። የታነርን ልጅ ስናይ እኛም ጣቶቹን እንከተላለን። ያም ሆኖ የሆመርን ሥራ አልጥልም። እንግዳነቱን አውቆ፣ ሰዎቹ እንዲስቁለት ሳይጠይቅ ያየ ሠዓሊ ነው።

የሥዕል ርዕስ ላይ «ኒግሮ» ሲል እንዴት ልተርጉመው?

የሥዕሉ ርዕስ ታሪክ ስለሆነ እንዳለ እተወዋለሁ። የጆንሰን የ1859 ሥራ «የኒግሮ ኑሮ በደቡብ» ነው የሚባለው። ርዕስም ምን ያህል እንደሚያሳስት የዚሁ ሥዕል ታሪክ ያሳያል። ሰዎች በኋላ «የድሮው የኬንታኪ ቤት» ይሉት ጀመር። የተሣለው ግቢ ግን ያለው ዋሽንግተን ዲሲ፣ የሠዓሊው አባት ቤት አጠገብ ነበር። ርዕሱ ሲቀየር በዋና ከተማዋ መሐል ይኖር የነበረው ባርነት ሩቅ ገጠር የነበረ መሰለ።

በራሴ አረፍተ ነገር ግን «ጥቁር ልጅ» እላለሁ። «ባሪያው ልጅ» አልልም። ይህ ቃል በእኛም አፍ የመልክ ስድብ ሆኖ ኖሯል፤ አሁንም የሚሰነዝረው አለ። የምጽፈው «በባርነት የተያዘ ልጅ» ብዬ ነው። ይረዝማል። ይርዘም።

ታነር እንዲህ ያለውን ሥዕል ለምን አቆመ?

ብዙዎች ይህን ሲያውቁ ያዝናሉ። ከ«አመስጋኞቹ ድሆች» በኋላ ታነር ወደ መጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች ዞረ። በ1896 የሣለው «የአልዓዛር ትንሣኤ» ፓሪስ ላይ ተሸለመ፤ የፈረንሳይ መንግሥትም ገዛው። በ1897 ወደ ግብፅና ፍልስጤም ተጓዘ። በ1898 የሣለው ብስራት አሁን ፊላደልፊያ ነው። እዚያ ላይ መልአኩ ክንፍ የለውም፤ የቆመ የብርሃን ዐምድ ነው። ማርያም ደግሞ አልጋዋ ላይ የተቀመጠች፣ ግራ የገባት ወጣት ናት።

ሸሸ የሚሉ አሉ። አሜሪካ ውስጥ ቆዳው ሁልጊዜ ከሥራው ቀድሞ ይጠራ ነበር፤ ፓሪስ ግን ሠዓሊ ብቻ ሆኖ መኖር ቻለ። የጳጳስ ልጅ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ መሣሉም ሽሽት አይመስለኝም። ሁለቱን ትልልቅ ሥዕሎች ሰጥቶን ሄዷል። ተጨማሪ የሚያስከፍል ዕዳ አልነበረበትም።

የልጆቹ ስም ለምን አይታወቅም?

የቁም ሥዕል የሚያሠራ ሰው ገንዘብ ይከፍላል፤ ስሙም ይጻፋል። እነዚህ ልጆች የድሃ ልጆች ነበሩ፤ ሠዓሊው ቁሙልኝ ስላላቸው ነው የቆሙት። ብዙዎቹ ያለ ስም ቀሩ። ስሙ የተመለሰለት አንድ ልጅ ግን አለ።

በ1837 ገደማ ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ፍሬይ የተባለ ነጋዴ ሦስት ልጆቹን አሣለ። ሠዓሊው ፈረንሳዊው ዣክ አማንስ ነው ተብሎ ይታመናል። ከሦስቱ ልጆች ኋላ አራተኛ ልጅ ቆሟል። 15 ዓመት ገደማ ነው። በባርነት የተያዘ ነው። እጆቹን አጣምሮ፣ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ በሐሳብ ሄዷል። እንደ ድሮዎቹ ሥዕሎች ጌቶቹን ቀና ብሎ አያይም። የራሱ ሐሳብ አለው። በ1900 አካባቢ አንድ ሰው ይህን ልጅ በቀለም ሸፈነው። በቃ፣ ሰማይና ዛፍ ሆነ። ሥዕሉ በ1972 ለአንድ ሙዚየም ተሰጠ፤ ለዓመታት መጋዘን ከረመ፤ በ2005 ተሸጠ። የሰው ጥላ የመሰለ ነገር በቀለሙ ሥር ይታይ ነበር። ባለሙያ ሲያጸዳው ልጁ ወጣ።

ከዚያ አንድ የሉዊዚያና ሰብሳቢ ገዛውና ልጁ ማን እንደሆነ ማስፈለግ ጀመረ። መልሱ የሽያጭ መዝገብ ውስጥ ነበር። ቤሊዜር ይባላል። በ1822 ተወለደ። ስድስት ዓመት ሲሆነው ከእናቱ ከሳሊ ጋር ለፍሬይ ቤተሰብ ተሸጠ። በሥዕሉ ላይ ያሉት ሁለቱ እህትማማቾች ሥዕሉ በተሠራበት ጊዜ አካባቢ ሞቱ፤ ወንድማቸውም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተከተላቸው። ከአራቱ ለአቅመ አዳም የደረሰው ቤሊዜር ብቻ ነው። በ1856 ኤቨርግሪን ለሚባል የሸንኮራ እርሻ ተሸጠ። እስከ 1861 ድረስ መዝገብ ላይ አለ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ ዱካው ጠፋ።

ሥዕሉን በ2023 ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ገዛው። ሥዕሉ ሥር የተጻፈው ርዕስ «ቤሊዜርና የፍሬይ ልጆች» ይላል። ስሙ ከፊት ነው።